አሮጌ ዴስክቶፕ ፈቶ የሜሞሪን ሥራ ማስተማር

ተማሪዎች ራምን (ኮምፒውተሩ ሲሠራ ለጊዜው የሚጠቀምበትን ሜሞሪ) እና ፋይል የሚቀመጥበትን ሃርድ ዲስክ ያምታታሉ። በሥዕል ከማስረዳት ራሙን አውጥቶ ማሳየት ይሻላል። ለ4 ተማሪ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕና አንድ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ይበቃል።

ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉ፤ የማብሪያ ቁልፉን ለ5 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ። የኮምፒውተሩን ሳጥን ከፍታችሁ ያልተቀባውን ብረቱን ንኩ፤ እጅ ላይ ያለ የማይሰማ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊያበላሽ ይችላል። ፓወር ሳፕላዩን (የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰካበትን ሳጥን) ግን ማንም እንዳይከፍት፤ ተነቅሎም አደገኛ ቮልቴጅ ሊይዝ ይችላል።

የራሙን መያዣዎች ወደ ውጭ ስትገፉ ካርዱ ብድግ ይላል። ሁሉንም አውጡና ገመዱን ሰክታችሁ አብሩ። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው፤ የውስጥ ስፒከር ካለው ጢጥ ጢጥ ይላል። «ዲስኩ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ፤ ታዲያ ለምን አልተነሳም?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ለመንገር አትቸኩሉ። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ትእዛዞችን የሚፈጽመው ቺፕ፣ ዲስክ ላይ ያለውን ፕሮግራም የሚያስኬደው ወደ ሜሞሪው (ራሙ) ከተጫነ በኋላ ነው።

ራሙን ከመመለሳችሁ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ገመዱን እንደገና ንቀሉ። በካርዱ ጠርዝ ላይ ያለውን ክፍተት ከማስገቢያው ጋር አግጥሙና ቀጭ እስኪል ሁለቱንም ጫፍ እኩል ተጫኑ። ካልተነሳ ብዙ ጊዜ አንዱ ጫፍ በደንብ አልገባም።