ኮሞዶር 64ን ከማደስ በፊት፦ የቱ ዓይነት እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

አሮጌ ኮሞዶር 64 (የድሮ የቤት ኮምፒውተር) እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን አመጣው?» ነው። አጎት ከአሜሪካ ከሆነ ነገር አለ፤ የመብራቱ ቮልትም የቲቪው ሥርዓትም ከእኛ ይለያል። አክስት ከጀርመን ከሆነች ትንሽ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ከወጣ ወዲህ ውስጡ ደጋግሞ ተቀያይሯል፤ ስሙ አንድ ቢሆንም የአንዱ ቺፕ ለሌላው ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ አዳፕተሩ። ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት፣ ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ከሆነ የእኛን 220 አይችልም። 220 ወይም 240 ቢልም አትመኑት። ሲያረጅ የ5 ቮልቱ መስመር ከልኩ ያልፍና ሜሞሪውን ያቃጥላል። ኮምፒውተሩን ሳታገናኙ በቴስተር ለኩት፦ አንዱ መስመር 5 ቮልት ዲሲ፣ ሌላው 9 ቮልት ኤሲ ነው። ዲሲው ከ5.2 ካለፈ ጣሉት። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ያለ ጎበዝ ጠጋኝ ጋ ብትወስዱትም አብዛኛው ውስጡ በሙጫ የተሞላ ስለሆነ አይከፈትም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደህና ቢለካም አዲስ መግዛት ይሻላል፤ ዛሬ ደህና ያለው ነገ ላይደግመው ይችላል። መብራት ሲሄድም ነቅላችሁ ጠብቁ።

ቀጥሎ ቦርዱ፣ ማለትም ቺፖቹ የተሰኩበት ሰሌዳ። በሽፋኑ አትፍረዱ፤ ቀጭኑና ነጣ ያለው ሞዴል ውስጥ የድሮ ቦርድ ሊገኝ ይችላል። ከኋላ የቪዲዮው መሰኪያ ባለ 5 ፒን ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ነው፤ በኋላ ባለ 8 ፒን ሆኗል። ከሥር ከፊት በኩል ያሉትን ሦስት ብሎኖች በካቻቢቴ ፍቱ። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ የኪቦርዱና ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል ሽቦ ተያይዟል። ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር ፈልጉ። 250407 ወይም 250425 ከሆነ ስምንት ሜሞሪ ቺፖች ተደርድረው ታያላችሁ። 250466 ሁለት ብቻ አለው። 250469 አጭሩና የመጨረሻው ነው።

የድምፅ ቺፑ ላይ ረጋ በሉ። 6581 የሚባለው 12 ቮልት ይፈልጋል፣ 8580 ደግሞ 9 ቮልት። 250469 ላይ ያለው 8580 ነው፣ ከላይ የጠቀስኳቸው ሌሎቹ ላይ 6581። ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ቦታ ቀይሮ መሰካት ቀላል ነው፤ 12 ቮልት የደረሰው 8580 ግን አለቀለት። ሻጭ «ያው ነው» ቢላችሁ እንዳትሰሙት።

ከዚያ አብሩት። ሰማያዊው ስክሪን ላይ 38911 የሚል ቁጥር ከመጣ ጥሩ ነው። «PRINT PEEK(678)» የሚለውን ትእዛዝ ጻፉና ሪተርን ተጫኑ። 0 ካለ የአሜሪካው የቲቪ ሥርዓት ኤንቲኤስሲ፣ 1 ካለ የአውሮፓው ፓል ነው። ኤንቲኤስሲውን ወደ ፓል ለመቀየር የምስል ቺፑም ክሪስታሉም (የቺፖቹን ፍጥነት የሚመታው ክፍል) መቀየር አለበት፤ ሁለቱንም ሥርዓት የሚቀበል ቲቪ መፈለግ ይቀላል።

ማሻሻል ላይ የአዳማን ሙቀት አስቡ፦ የሚግሉት ቺፖች ላይ ትንንሽ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) ለጥፉ። ዲስኬት ፍለጋ ከመንከራተት ደግሞ ሜሞሪ ካርድ የሚያነበውን ኤስዲ ቱ አይኢሲ ግዙ። ከኋላ ይሰካል፣ ብየዳ የለውም፣ የቦርዱን ቁጥርም አይመርጥም።