ከሃርት አታክ በኋላ የልብ ግድግዳ እንዳይቀደድ ምን እንጠብቅ?

ሕመሙ ጋብ ሲል ቤተሰብ «ተመስገን፣ ተረፈ» ይላል፤ አስታማሚም ይዘናጋል። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ ግን በእነዚያ ቀናት እየለሰለሰ ነው፤ ጠንካራ ጠባሳ እስኪተካው ሳምንታት ይፈጃል። ግድግዳው የሚቀደደው በዚህ መሃል ነው፤ በአብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ወይም ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 2 ሳምንት። ዘግይተው ሆስፒታል የደረሱና የተዘጋው ደም ሥር ያልተከፈተላቸው፣ በተለይም አረጋውያን፣ ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ሁለቱን የታችኛ የልብ ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ከተበሳ ትናንት ያልነበረ ሻካራ ድምፅ በማዳመጫ ይሰማል፤ መዳፍ ከደረት አጥንቱ በስተግራ ሲያርፍ ርግብግብታው ይታወቃል። ሐኪም ወይም ነርስ በየፈረቃው ደረትን አዳምጦ መመዝገብ ያለበት ለዚህ ነው። ቫልቩን (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋውን የልብ በር) ወጥሮ የሚይዘው ጡንቻ ሲበጠስ ደግሞ ሳንባ በድንገት ውሃ ይሞላል። ቫልቩን ከሚይዙት ሁለት ጡንቻዎች በስተኋላ ያለው ብዙ ጊዜ በአንድ ደም ሥር ብቻ ስለሚመገብ ቶሎ የሚበጠሰው እሱ ነው። እዚህ ላይ ድምፁ ደካማ ሊሆን ወይም ጨርሶ ላይሰማ ስለሚችል «ድምፅ የለም» ብሎ መተው አያዋጣም፤ ወዲያው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሳ። የውጭው ግድግዳ ከተቀደደ ደም በልብ ሽፋን ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን ያፍናል፦ የአንገት ደም ሥር ይገተራል፣ ግፊት ይወርዳል፣ በሽተኛው ራሱን ይስታል። ያኔ ጊዜው በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። የተቀደደን ግድግዳ መድኃኒት አይሰፋውም፤ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ይጠራ።

ሳንባ ውሃ ሲይዝ ጋደም ማለት ትንፋሽ ስለሚያሳጥር አስታማሚ ትራሱን ይቁጠር። ትናንት በአንድ ትራስ የተኛ ሰው ዛሬ ሦስት ከጠየቀ ወይም ቁጭ ብሎ ካደረ፣ ሳይነጋ ለሐኪም ይነገር። ሰገራ እንዳያስምጠው ማለስለሻ ይጠየቅለት።

በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ሲተነፍስ የሚወጋ፣ ወደ ፊት ሲያዘነብል የሚቀል ሕመም ከመጣ የልብ ሽፋን ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ፋርማሲ ሮጦ ዳይክሎፊናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ይገዛል። እነዚህ የጠባሳውን መጠንከር ስለሚያዳክሙ ያለ ሐኪም አይሰጡ።

ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት «ግድግዳው ሳስቶ አብጧል ወይ? የረጋ ደም አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለ፣ ደም ማቅጠኛው ብዙ ጊዜ ለ3 ወር ይወሰድና ኢኮ ይደገማል፤ በዋርፋሪን ከሆነ አይኤንአሩ (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው የደም ምርመራ ውጤት) ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ፊት ቢጣመም ወይም አንድ እጅ ቢዝል ግን የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ቤት ከገባ በኋላ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሶ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ይመዘን። በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ ውሃ እየያዘ ነውና ሐኪሙ ጋ ይደወል።