ቁጥርን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ስንተነትን የሚደጋገሙ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጆች የሚያስጠና ሰው የመልመጃ ቁጥር አያጣም፤ በየሕንጻው ላይ የብሎክ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሮቹን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ወይም ፕራይሞች (ከ1 በላይ ሆነው ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ ወደሌላቸው ቁጥሮች) ስንተነትን የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

መልክ አይቶ መፍረድ፦ 57፣ 91 እና 119 በ2ም በ5ም ስለማይካፈሉ ብዙዎች «ብቸኛ ነው» ብለው ያልፏቸዋል። የ57 አሃዞች ድምር 12 ስለሆነ በ3 ይካፈላል። 91 ደግሞ 7 × 13፣ 119 ደግሞ 7 × 17 ነው። ለ7 አቋራጭ ከመሸምደድ ማካፈሉ ይቀላል።

የት እንደሚቆም አለማወቅ፦ ዋናው ይሄ ነው። 397 ሲሰጥ አንዱ እስከ 11 ሞክሮ ይተወዋል፤ ሌላው እስከ 198 ይፈጋል። 20 × 20 = 400 ነው፤ ስለዚህ 397 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ አንዱ የግድ ከ20 ያንሳል። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17 እና 19ን ሞክሮ አንዱም ካላካፈለው 397 ብቸኛ ነው፣ አለቀ። 4ን ወይም 9ን መሞከር ትርፍ ድካም ነው፤ 2 ያላካፈለውን 4 አያካፍለውም። በመሀል አካፋይ ከተገኘ ደግሞ ወሰኑም ይወርዳል። 2022 በ2 እና በ3 ተካፍሎ 337 ሲቀር ከ17 ማለፍ አያስፈልግም፤ ልጆቹ ግን በ2022 ወሰን እስከ 43 ይቀጥላሉ።

አንዴ አካፍሎ ማለፍ፦ ለ2016 «2 × 3 × 7» የሚል መልስ ይመጣል። መልሳችሁ አባዙት፤ 42 ብቻ ነው። ትክክለኛው 2 × 2 × 2 × 2 × 2 × 3 × 3 × 7 ነው። 1ን የሚጨምርም አለ፤ 1 ብቸኛ ቁጥር አይደለም።

የፌርማን ዘዴ በየቦታው መጠቀም፦ ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጠቀመበት ዘዴ ኢተጋማሽ ቁጥርን የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት አድርጎ ይጽፋል። ለ391፣ ከ20 ስኩዌር፣ ማለትም ከ400 ላይ 391 ሲቀነስ 9 ይቀራል፤ 9 የ3 ስኩዌር ነው። እንግዲህ 20 − 3 እና 20 + 3፣ ማለትም 17 × 23። ይህን ያየ ልጅ ከዚያ ወዲያ ሌላ ዘዴ አይሰማም! 393ን ስጡት። 20፣ 21፣ 22 እያለ 67 እስኪደርስ አይሳካለትም፤ በ3 ቢያካፍለው ግን 3 × 131 ወዲያው ይወጣ ነበር። ዘዴው የሚፈጥነው ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ነው። አርኤስኤ የሚባለው የመረጃ ምስጠራ ዘዴ ቁልፉን የሚሠራው ሁለት ትላልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን በማባዛት ነው፤ በጣም የተቀራረቡ ሁለት ቁጥሮች የማይመረጡትም ለዚሁ ነው።