ፓምፑን አስቀምጡ፣ ሚዛን አምጡ

በአየር የምትሠራ የዓሣ ጠመንጃ ስገዛ መጀመሪያ ያደረግኩት ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገውን ነው። ጦሩ ዓሣው ጋ ሳይደርስ ሲቀር ንፋስ ጨመርኩ። አሁንም ሳይደርስ ሲቀር ደግሜ ጨመርኩ። በመጨረሻ ጦሩን ለማስገባት ስታገል ጭኔ በልዞ ሰነበተ። ዓሣው ግን እንደ ድሮው ዘወር ብሎ አይቶኝ ይሄዳል።

ለካ ያጣሁት ንፋስ አልነበረም። የነፋሁት ንፋስ ጉልበት ጦሩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየተበላ ነበር። ሌባው ማን እንደሆነ ያገኘሁት ደግሞ በባለቤቴ የኪሎ ሚዛን ነው። እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። ከውጭ የሚታየው ወፍራም ቱቦ የታመቀ አየር ማስቀመጫ ነው። በመሃሉ ሌላ ቀጭን ቱቦ ያልፋል፤ እዚያ ውስጥ ፒስተን ይመላለሳል። ጦሩን በአፈሙዙ አስገብታችሁ ስትገፉ ፒስተኑ ወደ ኋላ ሄዶ የቃታው ጥርስ ይይዘዋል። ቃታውን ስትስቡ ጥርሱ ይለቀዋል፣ አየሩ ፒስተኑን፣ ፒስተኑ ጦሩን ይገፋል። ከዚያ ፒስተኑ አፈሙዙ ውስጥ ካለው ማብረጃ ጎማ ጋር ተጋጭቶ ይቆማል፣ ጦሩ መንገዱን ይቀጥላል። አየሩ አይወጣም። አንዴ በእጅ ፓምፕ የነፋችሁት ለብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ ቶሎ ቶሎ ከቀነሰ አንድ ኦሪንግ (አየር የሚያግድ የጎማ ቀለበት) ሞቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ። የጦሩን ሹል ጫፍ ፈትታችሁ አውጡ። ይህን ሳታደርጉ አትጀምሩ። መነጽር አድርጉ፣ ፊታችሁና ደረታችሁ ከአፈሙዙ ትይዩ አይሁን። ጠመንጃውን ከነጦሩና ጦሩን ከምትገፉበት መጫኛ እጀታ ጋር ሚዛኑ ላይ በሰደፉ አቁሙና ክብደቱን ጻፉ። ኋላ ከሁሉም ንባብ ላይ ትቀንሱታላችሁ። ከዚያ በእጀታው ጦሩን ቀስ እያላችሁ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች ግፉት፤ ከዚያ አትለፉ። እየገባ ሳለ ሌላ ሰው ቁጥሩን ያንብብላችሁ። ሳትለቁት ደግሞ ቀስ ብሎ ገፍቷችሁ እንዲመለስ ፍቀዱለት። ሲመለስም ይነበብ።

ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አይሆኑም። ሚስጥሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሲገባ የምትታገሉት ከአየሩም ከሰበቃውም (ፒስተኑ ከቱቦው ጋር ሲፋተግ ከሚይዘው) ጋር ነው። ሲመለስ ግን ሰበቃው ከእናንተ ጋር ሆኖ አየሩን ይይዘዋል። ስለዚህ የሁለቱ አማካይ የአየሩ ግፊት ነው፤ የልዩነታቸው ግማሽ ደግሞ ሰበቃው።

የእኔ ሲገባ 32 ኪሎ፣ ሲመለስ 22 ኪሎ አነበበ። አማካዩ 27። የውስጥ ቱቦዬ 13 ሚሊሜትር ነው፤ በዚህ ስፋት እያንዳንዱ ባር (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) 1.35 ኪሎ ገደማ ይገፋል። 27ን ለ1.35 ስታካፍሉ 20 ባር ይመጣል። የግፊት መለኪያ መግዛት አላስፈለገኝም። ሰበቃው ግን 5 ኪሎ! ከነፋሁት ንፋስ አምስተኛው ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ፒስተኑ ሲሮጥ ሰበቃው ትንሽ ይለያያል፤ በፊትና በኋላን ለማነጻጸር ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ቱቦችሁ 11 ሚሊሜትር ከሆነ በአንድ ባር 0.97 ኪሎ አድርጋችሁ አስሉ። በዚያው 20 ባር 19 ኪሎ ብቻ ነው የሚገፋው። ሰዎች «የኔ 28 ባር ነው» ብለው ሲፎክሩ መጀመሪያ ስንት ሚሊ ነው ብላችሁ ጠይቁ። 11 ሚሊ ላይ 28 ባር ማለት 13 ሚሊ ላይ 20 ባር ማለት ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆን። አምራቹ ከጻፈው ግፊት በላይ መንፋት ደግሞ ጨዋታ አይደለም።

ከመፍታታችሁ በፊት አየሩን አውጡ። በሰደፉ በኩል ያለውን ቫልቭ በማስለቀቂያው ቀስ ብላችሁ ጫኑት፣ ጨርቅ ሸፍኑበት፤ ዘይት ይረጫል። ዝም ሲል አትመኑት። በዘንግ ፒስተኑን ወደ ውስጥ ግፉት። መልሶ ከገፋችሁ አየር አለ፣ ወደ መፍቻው አትሂዱ።

እኔ ስፈታ ያገኘሁት ጥፋት የራሴ ነበር። ባለፈው ዓመት ፒስተኑ ላይ የነበረው ኦሪንግ ሲበላሽ ከሣጥኔ ያገኘሁትን «የሚመስል» ሌላ አስገብቼ ነበር። ውፍረቱ 2.62 ሚሊ ነው፤ በካሊፐር ስለካው ከቱቦው ግድግዳ ጋር 0.6 ሚሊ ተጨምቆ ነው የሚሠራው። ከሩብ ትንሽ ዝቅ ያለ ማለት ነው። ለሚመላለስ ኦሪንግ ከውፍረቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጨመቅ ይበቃዋል፣ ማለትም እዚህ ከ0.26 እስከ 0.39 ሚሊ። ከዚያ በላይ ሲሆን አየር አጥብቆ ቢይዝም ፍሬን ይሆናል። የቱቦውን የውስጥ ስፋትና የፒስተኑን ጉድጓድ ወለል ስፋት ለኩ። ልዩነቱን ለሁለት ስታካፍሉ ኦሪንጉ የሚተኛበት ቦታ ይወጣላችኋል። የምትገዙት ኦሪንግ ናይትራይል ከሚባለው ጎማ ይሁን፣ ጥንካሬው 70 ሾር። ኢፒዲኤም የሚባለውን አትንኩት፤ የማዕድን ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ዘይት አለ።

ቱቦውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ በውስጡ ተመልከቱ። የጨው ነጭ ቅሪት ካለ ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙናና በዘንግ ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ይለቃል። ብርጭቆ ወረቀት አታስገቡ። አሉሚኒየሙ ላይ ያለው ቀጭን መከላከያ ሽፋን ከተላጠ ጨው ከሥሩ ይበላዋል። ርዝመቱን ተከትሎ በጥፍር የሚያዝ ጭረት ካያችሁ ቱቦው ይቀየራል፤ ሌላ መላ የለውም።

ኦሪንጎቹን በሲሊኮን ግራሶ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከዚያ ቀጭን የማዕድን ዘይት፣ ሳኢ 10 (SAE 10) የሚል የተጻፈበት ዓይነት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል አየር ማስቀመጫው ውስጥ ጨምሩ። ወፍራም ዘይት አይሁን፤ በብርድ ውሃ እንደ ማር ይሆናል።

ገጣጥሜ እዚያው 20 ባር ነፍቼ ሚዛኑ ላይ መለስኳት። ሲገባ 29፣ ሲመለስ 25። ሰበቃው ከ5 ወደ 2 ኪሎ ወረደ። ጦሩን የሚገፋው 3 ኪሎ ጨመረ፣ ለመጫን የሚያስፈልገኝ ደግሞ 3 ኪሎ ቀነሰ። በፓምፕ ያንን 3 ኪሎ ባመጣው ኖሮ መጫኑም አብሮ ይከብድ ነበር። ጭኔ አመሰገነኝ።

ሁለተኛው ሌባ ውሃ ነው። ፒስተኑ ሳይጫን አፈሙዙ ጋ ስለሚቆም ቱቦው ውስጥ ውሃ የለም ማለት ይቻላል። ጦሩን ስትገፉ ግን በዙሪያው ውሃ ተከትሎ ይገባል። 13 ሚሊ ቱቦ ውስጥ 8 ሚሊ ጦር ቢኖርና ፒስተኑ 70 ሴንቲሜትር ቢሄድ 58 ግራም ገደማ ውሃ ይቀመጣል። ስትተኩሱ ይህ ሁሉ በአፈሙዙ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተጨምቆ መውጣት አለበት። ጉልበት ይበላል፣ ድምፁም ዓሣ ያባርራል።

መፍትሔው ደረቅ አፈሙዝ የሚሉት ነው። ቀዳዳዎቹ የሉትም፤ ጦሩን ዙሪያውን አቅፎ ውሃ የሚከለክል ለስላሳ ጎማ አለው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ስላለ ለቶርኖ ሠራተኛ አስቀርጻለሁ ብላችሁ አትድከሙ። እኔ ሞክሬ የብሎን ጥርሱ ከቱቦው ጋር በግማሽ ሚሊ ሳይገጥም ቀርቶ ብረቱን ጥዬዋለሁ። በደረቅ አፈሙዝ ጦሩ ሲገባ ከፒስተኑ ፊት ባዶ ቦታ ስለሚፈጠር ለመጫን ጥቂት ይከብዳል። ጦሩ ጎማው የሚነካው ቦታ ላይ ጭረት ወይም ዝገት ካለው ጎማውን ይበጣጥሰዋል፤ ጦሩን በጥፍራችሁ ዳብሱት።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። ያ የምናማው ውሃ ፒስተኑን ያበርድ ነበር። ውሃው ሲቀር ፒስተኑ ማብረጃውን በሙሉ ፍጥነት ነው የሚመታው። ስለዚህ ደረቅ አፈሙዝ ስታስገቡ ማብረጃ ጎማውንም አዲስ አድርጉት፣ ፒስተኑ ጫፉ ላይ ስንጥቅ ካለው ቀይሩት፣ እየቆያችሁም ፈትታችሁ እዩት። በዚሁ ምክንያት ጠመንጃውን ከውሃ ውጭ አትተኩሱ፣ ከነጦሩም ያለጦሩም። እኔ አንዴ «ቃታው ይሠራ እንደሆነ ልይ» ብዬ ክፍል ውስጥ ሳብኩት። ፒስተኑ ለሁለት ተሰበረ፣ ጦሩ በር ላይ ተተከለ። ጫፉን አውጥቼ ስለነበር በሩ ብቻ ነው የተጎዳው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ በሩን እያሳየች ታስታውሰኛለች።

ጦሩን በተመለከተ፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው 8 ሚሊ የብረት ጦር 390 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 7 ሚሊው 300። ቀጭኑ ይፈጥናል፣ ርቀት ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። ለገላጣ ውሃ 7 ሚሊ እመርጣለሁ፤ ድንጋይ ሥር ለሚደበቅ ትልቅ ዓሣ 8 ሚሊውን እይዛለሁ። የተጣመመ ጦር ሰበቃውን መልሶ ያመጣዋል። መስታወት ጠረጴዛ ላይ አንከባልሉት፤ ከዘለለ ጣሉት።

የማልነካቸውም አሉ። የቃታውን ጥርስ በሞረድ አላለዝብም። የተጫነ ጠመንጃ በራሱ የሚተኩሰው ከዚህ ነው። አየር ማስቀመጫውን አልበሳም፣ ከመጥለቂያ ሲሊንደር አልሞላም፣ ፀሐይ ላይ ጥዬው አልሄድም። ጦሩን የምጭነው ውሃ ውስጥ፣ ሰደፉ ጭኔ ላይ፣ አፈሙዙ ከሰው ዞሮ ነው። ከውሃ ከመውጣቴ በፊት አወርደዋለሁ። ትንፋሽ ይዤ ስጠልቅ ደግሞ ላይ ሆኖ የሚጠብቀኝ ጓደኛ ከሌለ አልጠልቅም።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ቶሎ ውሃ አትግቡ። ነፍታችሁ መዝኑት፣ አማካዩን ጻፉ፣ ያድር። ጠዋት እንደገና መዝኑት። ከአንድ ኪሎ በላይ ከቀነሰ ሰደፉን ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩና አረፋ ፈልጉ። መጀመሪያ ቫልቩን፣ ቀጥሎ የቃታውን ፒን፣ በመጨረሻ ጠመንጃውን ገልብጣችሁ አፈሙዙ የታሰረበትን የብሎን ጥርስ እዩ። የእኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከቃታው ፒን ነው። የምስር ፍሬ የምታህል ኦሪንግ አለች እዚያ፤ ሁልጊዜ ሁለት ትርፍ እይዛለሁ፣ ምክንያቱም አንዷ ወለል ላይ ወድቃ መጥፋቷ አይቀርም።