ነዳጅ ስትረግጡ መኪናዋ ትዘገያለች? ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት እንዲህ ፈትሿት

«ነዳጅ ርገጥ» እንላለን። ፔዳሉንም «ነዳጅ መስጫ» ብለን እንጠራዋለን። በቤንዚን መኪና ግን እግራችን የሚያዘው ነዳጁን ሳይሆን አየሩን ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የነዳጅ ፓምፕ አስቀይሬ ችግሩ አብሮኝ ቆይቷል። ጥፋቱ የነበረው አየር መግቢያው ላይ የተጋገረ ጥላሸት ነው።

ሞተሩ አየር በሚስብበት ቱቦ ጫፍ ላይ ትሮትል ቦዲ የሚባል ዕቃ አለ። ውስጡ ክብ የሆነ ስስ የብረት ክዳን ይገኛል። ፔዳሉ ሲረገጥ ክዳኑ ዞሮ ይከፈትና አየር ይገባል። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር በሴንሰር ይለካል፤ ከዚያ የሚመጥነውን ቤንዚን ያስረጫል። መጠኑ በመደበኛ ሁኔታ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ነው። ስለዚህ ነዳጁ አየሩን ይከተላል እንጂ አይቀድመውም። ናፍጣ ላይ ነገሩ ይለያል። እዚያ ፔዳሉ የሚወስነው የሚረጨውን ናፍጣ ስለሆነ «ነዳጅ መስጫ» የሚለው ስም ልኩ ነው። የምነግራችሁ ለቤንዚን መኪና የሚሆነውን ነው።

መጀመሪያ ከእግራችሁ ሥር ጀምሩ። ምንጣፉ ፔዳሉ ሥር ገብቷል? ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ደርባችኋል? የላይኛውን አውጡት። እ.ኤ.አ. በ2009 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ 3.8 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና መልሶ የጠራው ምንጣፉ ፔዳሉን ይዞ ሊያስቀረው ስለሚችል ነበር። እየነዳችሁ ፔዳሉ ተይዞ ከቀረ ፍሬኑን አንዴ አጥብቃችሁ ርገጡና አትልቀቁት። እየለቀቃችሁ ደጋግማችሁ ከረገጣችሁ ፍሬኑ ይደነድናል፤ ክዳኑ ተከፍቶ እያለ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረውና ፍሬኑን የሚያግዘው ስበት ይጠፋልና። ማርሹን ኒውትራል አድርጉና ዳር ያዙ። ቁልፉን ለማጥፋት የምትነኩት መኪናዋ ስትቆም ነው፤ ከዚያ በፊት መሪው ሊቆለፍባችሁ ይችላል።

ቀጥሎ ኮፈኑን ክፈቱ። ከፔዳሉ በኩል መጥቶ ትሮትል ቦዲው ላይ የሚጠመጠም ቀጭን የብረት ገመድ ካለ መኪናችሁ ባለ ካቦ ናት። ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ታች ይርገጥላችሁ። ገመዱ ረግቦ ከሆነ እግሩ መጀመሪያ ባዶ ይሄዳል፤ ይህን ማጥበቅ ቀላል ሥራ ነው። ገመዱ ከተተረተረ ወይም ከሻከረ ግን አስቀይሩት።

ካቦ ከሌላት ኤሌክትሮኒክ ናት። እዚህ እግራችሁ ክዳኑን በቀጥታ አይነካውም። ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፣ ኮምፒውተሩም ትንሽ ሞተር አዝዞ ክዳኑን ያዞራል። «ኢኮ» የሚል ቁልፍ ካላት አጥፉትና ሞክሯት፤ እሱ በርቶ ሲሆን ኮምፒውተሩ ክዳኑን ሆን ብሎ በዝግታ ይከፍታል። ፔዳሉ ላይ ለጥንቃቄ ሁለት ሴንሰር አለ። ሁለቱ የሚሉት ካልተስማማ ኮምፒውተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተር መብራትም ይበራል። መብራቱ ከበራ በጽዳት አትድከሙ፤ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አስነብቡ።

የአየር ፊልትሮውንም እዩት። ከጠቆረ ቀይሩት።

የትሮትል ቦዲ ጽዳት የሚያስፈልገው መኪናዋ ሚኒሞ ላይ (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) ስትንቀጠቀጥ፣ ቆም ስትሉ ስትጠፋ፣ ወይም ፔዳሉ መጀመሪያ ያዝ አድርጎ ድንገት ሲለቅ ነው። ከሞተሩ የሚመለስ የዘይት እንፋሎት የክዳኑ ጠርዝ ላይ ይጋገርና ክዳኑን ያጣብቀዋል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ቁልፉን አውጡ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። የአየር ቱቦውን በካቻቢቴ አላሉና አውጡት። ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ክዳኑን በጣት አትግፉት። ክዳኑን የሚያዞሩት የውስጥ ጥርሶች ስስ ናቸው፤ ቁልፉ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ ጣታችሁን ሊይዝ ይችላል። ለትሮትል ቦዲ የተሠራውን ማጽጃ ጨርቅ ላይ ርጩ እንጂ ወደ ውስጥ አታንቆርቁሩ። ጠርዙንና ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። በብረት አትፋቁ፤ ብዙዎቹ አየር እንዳያሾልኩ ስስ ቅብ አላቸው። ፈሳሹ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ደጅ ሥሩ፣ ሲጋራም አይኑር።

አንድ ነገር ግን በቅሬታ አትቁጠሩባት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ቢከፈት እንኳ የሚገባው አየር ያንሳል። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ ዕቃ) የሌላት ትንሽ መኪና አምስት ሰው ጭና እንጦጦን ስትወጣ ብታቃስት ብልሽት አይደለም። ያችው መኪና አዋሽ ስትወርድ ነፍስ ትዘራለች።

ከጽዳቱ በኋላ ሁሉን መልሳችሁ ግጠሙ። ቱቦው በደንብ ይጥበቅ፤ ከጎን የሚሾልክ አየር ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ሞተሩን አስነሱና ፔዳሉን ሳትነኩ እስኪሞቅ ተዉት። ኮምፒውተሩ የለመደው የቆሸሸውን ክዳን ስለነበር መጀመሪያ ላይ ሚኒሞው ከፍ ሊል ይችላል፤ ብዙ መኪና ራሱ ያስተካክለዋል። እንደ ኒሳን ባሉት ላይ ግን ሚኒሞውን እንደገና ማስለመድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። በማግስቱም ካልወረደ ይህንኑ ለመካኒካችሁ ንገሩት።