አዲስ የተገዛ በግ ሲያነክስ ወይም ድንገት ሲሞት

ማታ ደህና የነበረ በግ ጠዋት ሞቶ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታማው ሻጩ ነው። «ቡዳ በልቶት ነው» የሚልም አይጠፋም። ከዚያ አንዱ ሮጦ ኦክሲ ይገዛና የቀሩትን በሙሉ ይወጋል። ኦክሲ፣ ሙሉ ስሙ ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ባክቴሪያን የሚዋጋ ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን እህል በዝቶበት የታመመን በግ አያድንም፣ ቫይረስም አይገድልም። ስለዚህ መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ፦ ከተገዛ ስንተኛ ቀኑ ነው? የታመመው አንዱ ብቻ ነው ወይስ ብዙዎቹ?

ቀኑ ብዙ ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት የሚመጣው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የመንገድና የምግብ ጣጣ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ የሚመጣ ከሆነ ግን ከገበያ የተያዘ ተላላፊ በሽታን ጠርጥሩ።

ሲያነክስ

በጉን በቂጡ አስቀምጡና ጀርባውን እግራችሁ ላይ አስደግፉት። እንደዚህ ሲያዝ ብዙም አይታገልም። ሰኮናውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ ሁለቱን ጣቶች በአውራ ጣታችሁ ፈልቅቃችሁ መሀላቸውን እዩ። አሽትቱትም፤ ሽታው ትልቅ ምልክት ነው።

የሚያነክሰው አንድ በግ፣ እግሩም አንድ ከሆነ፣ ሽታም ከሌለው፣ እሾህ ወይም ጠጠር ፈልጉ። አራት እግሩ ታስሮ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወይም አይሱዙ ላይ ተጭኖ የመጣ ከሆነ ደግሞ ገመዱ የላጠው ቦታ ይኖራል። ለብ ባለ የጨው ውሃ እጠቡለት፣ ደረቅ ቦታ ላይ አሳርፉት። በሦስት አራት ቀን ካልተሻለው ስብራት ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው። ታፋው ላይ መርፌ ተወግቶ ያነከሰ በግም ብዙ ነው፤ መርፌው ነርቭ ሲነካ እግሩን መጎተት ይጀምራል። ለበግ መርፌ የሚሻለው አንገት ላይ ነው።

በጣቶቹ መሀል ቀልቶ ከረጠበና ክፉኛ ከሸተተ፣ ሰኮናውም ከሥሩ መላቀቅ ከጀመረ የሰኮና መበስበስ ነው። ክረምት ላይ፣ በጭቃና በእበት በተሞላ በረት ውስጥ ይብሳል። 1 ኪሎ ዚንክ ሰልፌት በ10 ሊትር ውሃ በጥብጡና እግራቸውን ለአሥር ደቂቃ ያህል እዚያ ውስጥ አቁሙ። ከወጡ በኋላ እግራቸው እስኪደርቅ ደረቅ ወለል ላይ ይቆዩ። ኦክሲ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ነው፤ መጠኑን በክብደቱ ልክ ሐኪሙ ይወስን። ሰኮናውን እስኪደማ መቁረጥ ግን ፈውሱን ያዘገያል እንጂ አያፋጥንም። በዚንኩ ፋንታ ኮፐር ሰልፌት ከተጠቀማችሁ እንዳይጠጡት ጠብቁ። የበግ ጉበት ኮፐርን አይችልም።

በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብዙዎቹ አብረው ካነከሱ ነገሩ ሌላ ነው። አፍ ተግር ሊሆን ይችላል። ሰኮናውና ቆዳው የሚገናኙበትን መስመር እዩ፤ ውሃ የቋጠረ ወይም የተላጠ ቦታ ታገኛላችሁ። በግ ላይ የአፉ ቁስል ትንሽ ስለሆነና ቶሎ ስለሚድን ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። በጉ በአብዛኛው ይድናል። የሚጎዱት ግቢው ውስጥ ወይም ጎረቤት ያሉት ላሞች ናቸው። ለእነሱ ስትሉ ባልዲና ድርቆሽ አታጋሩ፣ በጎቹን የነካ ሰው ላም አይለብ። ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያም ዛሬውኑ ንገሩ።

ድንገት ሲሞት

ከሁሉ በፊት ይህን አንብቡ። በጉ ሳይታሰብ ከሞተ ቢላ ከማንሳታችሁ በፊት አፍንጫውንና ፊንጢጣውን እዩ። ጥቁር፣ የማይረጋ ደም ካለ፣ ሬሳውም ቶሎ ከተነፋና ድርቅ ካላለ አባ ሰንጋ ነው ብላችሁ ተነሱ። አትግፈፉት፣ አትክፈቱት፣ ለውሻም አትጣሉ። ሬሳው ሲከፈት ጀርሙ አየር አግኝቶ ጠንካራ ዘር ይሠራል፤ ያ ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። «ሳይሞት ቢላ እናድርስለት» ብሎ አርዶ መብላት በአገራችን የተለመደ ነው። ሰው የሚሞተውም በዚሁ ነው። ጠልቆ ይቀበር ወይም ይቃጠል። የነካው ሰው ቆዳው ላይ መሀሉ የጠቆረ ቁስል ካወጣ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።

ደም ከሌለ ቀጣዩ ጥያቄ ትናንት ምን በላ የሚለው ነው። ብዙ አዲስ በጎች የሚያልቁት በዚህ ነው። ሳርና ገለባ ሲበላ የኖረ በግ ተገዝቶ ይመጣል። ገዢው ለበዓል ቶሎ እንዲሰባለት ስንዴ፣ በቆሎ ወይም ሊጥ እንደ ልቡ ያቀርብለታል። የበጉ ሆድ ግን እህል አልለመደም። እህሉ እዚያው ይቦካና አሲድ ይሆናል። በጉ ጥርሱን ያፋጫል፣ አያመሰኳም፣ ጎምዘዝ የሚል ሽታ ያለው ተቅማጥ ይይዘዋል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከተረፈም ሰኮናው ሞቆና አብጦ አራቱንም እግር እያመመው ይራመዳል፤ ከመበስበስ የሚለየው የማይሸት መሆኑ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ምልክት ሳይታይ ከመንጋው ደልደል ያለውና በላተኛው ይሞታል። ይህ በእህሉ ብዛት አንጀት ውስጥ የተራባ ባክቴሪያ የለቀቀው መርዝ ነው።

መፍትሄው የቀሩትን ከእህል ወዲያው ማቆምና ድርቆሽ ብቻ መስጠት ነው። ገና ቆሞ ላለ በግ ከ15 እስከ 20 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ አጠጡት። ቤኪንግ ፓውደር አይሆንም። አንገቱን ወደ ላይ አትጠምዝዙ፤ ውሃው ሳንባው ውስጥ ይገባል።

እህል ሳይበላ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ከተነፋ ጤዛ ያለበት ማገጥ ወይም ለምለም ሳር በልቶ ይሆናል። ከግማሽ እስከ አንድ የቡና ስኒ ዘይት አጠጡትና አራምዱት። ትንፋሽ ካጠረው የሐኪም ሥራ ነው።

የመንገዱ ብርድና መጨናነቅ ደግሞ የሳንባ ምች ያመጣል። ባክቴሪያው ጤነኛ በግ ጉሮሮ ውስጥም አለ፤ ሰውነቱ ሲዳከም ይነሳበታል። ተራ ቴርሞሜትር ፊንጢጣው ውስጥ አስገብታችሁ ለኩ። ወደ 39 ዲግሪ ከሆነ ደህና ነው። ከ40.5 በላይ ከሆነና ካሳለ፣ ትንፋሹም ከበዛ ዛሬውኑ ሐኪም ጥሩ። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው። ለበዓል ያሰባችሁት በግ ከተወጋ ግን መድኃኒቱ ከሥጋው የሚወጣበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ አንብቡ፤ ቀኑ ሳይደርስ አትረዱት።

ትኩሳቱ ላይ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስልና ተቅማጥ ከተጨመረበት ደስታ መሰል በሽታ ነው ብላችሁ ለዩት። ፍየሎችን የበለጠ ይፈጃል። ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ክትባት ግን አለ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ክትባቱ እስኪሠራ ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈልግ፣ በጉ ከገበያ ይዞት የመጣውን በሽታ አያቆምም።

ለዚህም ነው አዲሶቹን ከነባሮቹ ለሦስት ሳምንት መለየት የሚያስፈልገው። ቦታ ከጠበበ እንኳ ገንዳና ውሃ አይጋሩ፤ ቀድማችሁ ነባሮቹን መግቡ፣ አዲሶቹን በመጨረሻ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ድርቆሽና ውሃ ብቻ ይበቃቸዋል። በአራተኛው ቀን ለአንድ በግ 100 ግራም ፉርሽካ ለጠዋትና ለማታ ከፍላችሁ ጀምሩ። ከዚያ በየሁለት ሦስት ቀኑ 50 ግራም ጨምሩ። ሁልጊዜ ድርቆሹ ይቅደም። በጠጡ መላላት ከጀመረ ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሱና ሁለት ቀን ጠብቁ።