ትንሽ ክለብን ከኃያላኑ ጋር እንዴት እናወዳድር?

ክለባችሁን ከአውሮፓ ኃያላን ጋር ስታወዳድሩ ከዋንጫ ብዛት አትጀምሩ። መጀመሪያ ነጥቡን ለጨዋታ ብዛት አካፍሉ። ለምሳሌ ትንሹ የስፔን ክለብ ጅሮና በ2023/24 የላሊጋ ውድድር 81 ነጥብ ይዞ 3ኛ ወጣ፤ ለ38 ጨዋታ ሲካፈል 2.13 ይመጣል። ሻምፒዮኑ ሪያል ማድሪድ በ95 ነጥብ 2.5 ነበረው።

ቀጥሎ ያገቡትንና የገባባቸውን ጎል ለየብቻ ጻፉ፤ ዋናው ነገር የሚታየው እዚህ ነው። ጅሮና 85፣ ማድሪድ 87 አስቆጠሩ፤ በማጥቃት ተቀራራቢ ናቸው። የተቆጠረባቸው ግን 46 እና 26 ነው። ክፍተቱ ያለው መከላከሉ ላይ ነው፤ የጎል ልዩነትን ብቻ የሚያይ ደጋፊ ይህ ያመልጠዋል።

በአንድ ጨዋታ መፍረድ የተለመደ ስህተት ነው። ጅሮና ባርሴሎናን በሁለቱም ዙር 4 ለ 2 ረታ፤ በማድሪድ ግን 3 ለ 0 እና 4 ለ 0 ተሸነፈ። ሁሉንም መዝግቡ። ጅሮና የማንቸስተር ሲቲ ባለቤት ከሆነው ከሲቲ ፉትቦል ግሩፕ ጋር የተሳሰረ ክለብ መሆኑንም አትርሱ፤ ብቻውን ከሚታገል ክለብ ጋር እኩል አይደለም።

ከዚያ በክረምቱ የሄዱትን ተጫዋቾች ዘርዝሩ። 24 ጎል ያገባው ዶቭቢክ ወደ ሮማ፣ ሳቪንዮ ወደ ማንቸስተር ሲቲ፣ አሌሽ ጋርሲያ ወደ ሌቨርኩሰን አቀኑ። በተከታዩ ቻምፒየንስ ሊግ ጅሮና ከ8 ጨዋታ ያገኘው 3 ነጥብ ብቻ ነው።